የሚለካው መኪናው፣ የሚሰማው ጎረቤቱ

ጥቁር ባንዲራ የወጣበት መኪና ማንንም አልገጨም። ከመስመርም አልወጣም። እንዲያውም በዚያ ረፋድ ካየኋቸው ነጂዎች ሁሉ ረጋ ያለው እሱ ነበር። ጥፋቱ ድምፁ ነው። የመኪናው ጩኸት ከተፈቀደው ልክ አልፎ በመለኪያው ላይ ተመዘገበ፤ ወዲያው በሬዲዮ ተነገረ፤ ባንዲራው ተውለበለበለትና አንገቱን ደፍቶ ወደ መኪና ማቆሚያው ተመለሰ። ማርሚታውን እንደምንም አስተካክሎ ሊገባ ይችላል። ደጋግሞ ካለፈ ግን የዕለቱ መንዳት አበቃለት፤ የከፈለው ገንዘብም ቀለጠ።

ቦታው ላጉና ሴካ ይባላል። በካሊፎርኒያ የሞንተሬይ ካውንቲ ንብረት የሆነ የመኪና ውድድር ሜዳ ነው፤ እኔ ከምኖርበት ከሳን ሆዜ ወደ ደቡብ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ርዝመቱ 3.6 ኪሎ ሜትር፣ መታጠፊያው 11 ነው። ስምንተኛው መታጠፊያ «ኮርክስክሩ» የሚሉት ሲሆን፣ መኪናው በአንድ ጊዜ 18 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርድበት፣ በዓለም የታወቀ ቦታ ነው። ይሁንና በአብዛኛው የዓመቱ ቀን እዚያ የሚነዱት ስማቸው በጋዜጣ የሚወጣ ሰዎች አይደሉም። የጥርስ ሐኪሙ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው፣ ጡረተኛው፣ ጋራዥ ውስጥ ሲገጥምና ሲፈታ የኖረው መካኒክ ናቸው። ዋንጫ የለም፣ ደረጃ የለም። ከፍለው፣ ሄልሜት አጥልቀው፣ አምቡላንስ ቆሞ እየጠበቃቸው የራሳቸውን መኪና እስከቻለው ድረስ ይነዱታል።

የእህቴ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ መጥተው ይዩኝ» እያለ ሲወተውተኝ ከርሞ ወሰደኝ።

ለእንዲህ ያለው የአማተሮች ቀን የሚፈቀደው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ 90 ወይም 92 ዴሲቤል ነው። ለትልልቆቹ ውድድሮች ገደቡ የሚላላባቸው ቀናት አሉ፤ ቁጥራቸው ግን የተወሰነ ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «እንዴት? ለባለ ስፖንሰሩ ሲሆን ይጮሃል፤ ደመወዙን አጠራቅሞ ለመጣው ሲሆን ዝም በል ይባላል?» የሚል ነበር። ነገሩን ሳወጣውና ሳወርደው ግን ሌላ ገጽታ አየሁበት። ትልቁ ውድድር በዓመት ጥቂት ጊዜ መጥቶ ይሄዳል። አማተሩ ግን ሳምንቱን ሙሉ፣ ወሩን ሙሉ ነው። ለጎረቤት የሚከብደውም ይኸው የዘወትሩ ነው።

ጠዋት መኪናው ሜዳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የእህቴ ልጅ አስፋልቱ ላይ ካርቶን አንጥፎ፣ ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ ከመኪናው ሥር ገባ። በእጁ የያዘው ቧንቧ ሠራተኞች ጎሚቶ የሚሉትን ዓይነት የታጠፈ ቧንቧ ነው። የማርሚታው ጫፍ ላይ ሰካውና በፋሼታ አጠበቀው። አጠገባችን ያሉትም ሦስት አራት ሰዎች ያንኑ ያደርጋሉ። አንዱ በችኮላ የቀዘቀዘ መስሎት የጋለ ብረት ነክቶ ጣቱን እየላሰ ይሳደባል። 

«ለመሆኑ ይሄ ነገር ድምፁን ይቀንሰዋል?» አልኩት።

«ትንሽ ይቀንሰዋል፤ ዋናው ግን አፉን ከመለኪያው ማዞሩ ነው» አለኝና ሳቀ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። የድምፅ መለኪያው ያለው ከአምስተኛው መታጠፊያ በኋላ መኪኖቹ ዳገቱን በሚወጡበት በኩል ነው። እዚያ አካባቢ ካለው ኮረብታ ላይ ቆሜ ተመለከትኩ፤ ተመለከትኩ ከማለት ይልቅ አዳመጥኩ ማለት ይቀላል። መኪኖቹ እየጮኹ ይመጣሉ። መለኪያው ጋ ሲቃረቡ ነጂው እግሩን ከነዳጁ ላይ ነሣ ያደርጋል፤ ጩኸቱ ለአፍታ ይወርዳል። መለኪያውን እንዳለፉ ነዳጁ እስከ ጥግ ይረገጣል፤ ዳገቱ በሙሉ ይናወጣል። አንዱ ሲያልፍ ሌላው፣ ሌላው ሲያልፍ ሦስተኛው። ሁሉም ሕግ አክባሪ ናቸው። ሁሉም ከ90 በታች ተመዝግበዋል። ከኮረብታው ማዶ ያለው ሰው ግን በዚያች አፍታ ምን ተጠቀመ?

እዚህ ላይ ነው ትዝብቴ። ገደቡ የወጣው ለጎረቤቱ ጆሮ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ሁሉም የሚጠነቀቀው ለመሣሪያው ሆነ። ነጂውን ብቻ አልወቅስም፤ በሚለካበት ቦታ የሚጠነቀቅ ሰው በየሥራው አለ። ግን ዓላማው ከመለኪያው ሲለይ ዝም ብሎ ማለፍም ተገቢ አይመስለኝም።

ሌላም ነገር አለ። ዴሲቤል እንደ ኪሎና እንደ ሜትር የሚደመር ቁጥር አይደለም። 90 ዴሲቤል የሚጮሁ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቢቆሙ ድምፃቸው 180 አይሆንም፤ 93 ነው። ሦስት ዴሲቤል ትንሽ ትመስላለች እንጂ የድምፁ ኃይል እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። አሥር ሲጨመር ኃይሉ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ የእኛ ጆሮ ደግሞ ያንን በግምት እንደ እጥፍ ጩኸት ይሰማዋል። ታዲያ 92 እና 90 «ያው ነው» የሚል ሰው ቁጥሩን አላወቀውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መለኪያው የሚመዝነው እያንዳንዱን መኪና ለየብቻ ነው። 20 መኪና አንድ ቦታ ላይ ቢከማች፣ እያንዳንዱ 90ውን ጠብቆ፣ በድምሩ 103 ይደርሳል። በእርግጥ ሜዳው ላይ ተበታትነው ስለሚሄዱ ይህን ያህል አይሆንም፤ ርቀትም ይረዳል፤ ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ስድስት ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ቢሆንም ቤቱ የተቀመጠው ሰው የሚሰማው የአንዱን መኪና ድምፅ ሳይሆን የሁሉንም ነው። ማለዳና ማታ ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ሲሆን ድምፅ ወደ ሰማይ ከመበተን ይልቅ ወደ መሬት ይታጠፍና ሩቅ ይሄዳል። «ዛሬ እኮ ከትናንቱ ይበልጥ ይሰማል» የሚሉ ሰዎች ዝም ብለው አያማርሩም ማለት ነው።

ከሜዳው ብዙም ሳይርቅ፣ ሀይዌይ 68 በሚባለው መንገድ ዳር ካሉት ቤቶች በአንዱ አንዲት የአገራችን ልጅ ትሠራለች። ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት አሜሪካዊት ትንከባከባለች፤ ሆም ኬር የምንለውን ሥራ ማለት ነው። በዚህ አገር ስንቷ እህታችን በዚህ ሥራ እንደምትተዳደር አንባቢ ያውቀዋል። የመኪናው ጩኸት እንዴት እንደሚያደርጋቸው ጠየቅኳት።

«ወንድሜ፣ ጩኸቱስ ይለመዳል» አለችኝ። «ሀይዌዩም ይጮሃል። የዚህ ግን ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ዝም ይላል፣ ተመልሶ ይመጣል። እማማ ከምሳ በኋላ ትንሽ ሸለብ ሲያደርጋቸው ይቀሰቅሳቸዋል። ‹ዛሬ እስከ ስንት ሰዓት ነው?› ይሉኛል፤ እኔ ምን ብዬ ልመልስ?»

ከዴሲቤሉ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ሰፈር ውስጥ ያደገ ሰው የሠርግ ድንኳንን ያስታውስ። መንገዱ ይዘጋል፤ ሞንታርቦው እስከ እኩለ ሌሊት ያንባርቃል፤ ሕፃን ይቀሰቀሳል። ግን ጎረቤት ማን እንደሚዳር ያውቃል፤ ቀኑ ተነግሮታል፤ ሰኞ ድንኳኑ እንደሚነሣ አይጠራጠርም፤ ተጠርቶም በልቷል። ያው ሞንታርቦ በየዕለቱ፣ ማን እንደከፈተው ሳይታወቅ፣ መቼ እንደሚዘጋ ሳይነገር ቢጮህ ከሰፈሩ ሰው ማን ይታገሣል? ሰውን የሚያሰለቸው የጩኸቱ ከፍታ ብቻ አይደለም። አለመጠየቁም ነው፤ ማብቂያውን አለማወቁም ነው።

ይህን ባነሣሁ ቁጥር ነጂዎቹ የሚመዙት አንድ መልስ አለ፤ «ማን ቀድሞ ነበር?» ይላሉ። እውነት አላቸው። በሞንተሬይ የመኪና ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ፔብል ቢች ጫካ ውስጥ ባለው ተራ መንገድ ላይ ነው። በ1956 ኧርኒ ማካፊ የሚባል ነጂ በፌራሪ ከዛፍ ተጋጭቶ ሲሞት በዛፍ መሐል መሽቀዳደም ይብቃ ተባለ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1957፣ የጦር ሠራዊቱ የፎርት ኦርድ ይዞታ በነበረው ደረቅ ኮረብታ ላይ ይህ ሜዳ ተሠራ። በ1974 ወደ ካውንቲው ዞረ። በዙሪያው ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ ከዚያ ወዲህ የመጡ ናቸው። ስለዚህ በ2023 መጨረሻ በሀይዌይ 68 አካባቢ ያሉ ነዋሪዎች ስብስብ ካውንቲውን ሲከስስ፣ ከመኪና ወዳጆች የተሰማው «ቤት ስትገዙ ዓይናችሁ የት ነበር?» የሚል ቁጣ ነው።

ነዋሪዎቹ ግን ያሉት «ሜዳው ለምን ተሠራ?» አይደለም። ያሉት «ስንገባ የነበረው አጠቃቀም ሌላ፣ ዛሬ ያለው ሌላ» ነው። ኪራዩ በዛ፣ ጸጥ ያለው ቀን አነሰ ነው ነገሩ። ቀድሞ መገኘት በዓመት ጥቂት ጊዜ ለመጮህ መብት ከሰጠ፣ እስከ ወዲያኛው፣ የፈለጉትን ያህል እየጨመሩ ለመጮህም ይሰጣል? እኔ አይመስለኝም። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2014 ስለዚህ ጉዳይ ተናግሯል። በሰፎክ፣ ሚልደንሆል አጠገብ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሞተር፣ በኋላም የመኪና ውድድር የሚካሄድበት ስታዲየም ነበረ፤ ሁለት ሰዎች በ2006 በአቅራቢያው ቤት ገዙና በድምፁ ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ «አውቀው ነው የመጡት» የሚለው ክርክር ብቻውን ተከሳሹን ነጻ አያወጣም አለ። በዚያው አገር በሰሜን ዮርክሻየር፣ ክሮፍት በሚባለው ሜዳ ላይ ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2009 ከፍተኛ ድምፅ የሚሰማባቸው ቀናት በዓመት ከ40 እንዳይበልጡ ወሰነ። ልብ በሉ፤ ሜዳው ይዘጋ አላለም። ቀን ቆጠረለት።

የበለጠ የሚገርመኝ እዚሁ አሜሪካ ያለው የኮነቲከቱ ላይም ሮክ ሜዳ ነው። ይህም በ1957 የተከፈተ ነው፤ አፍንጫው ሥር ቤተ ክርስቲያን አለ። ጎረቤቶች ከሰው ፍርድ ቤት በ1959 እሑድ ውድድር እንዳይካሄድ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ከስልሳ ዓመት በላይ አልፏል፤ ባለቤት ተቀያይሯል፤ ስለ ገደቡ እንደገና ክርክር ተነሥቶ በ2020 እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ እሑዱ ግን ዛሬም ጸጥ ያለ ነው። ቅዳሜ የጮኸው ሜዳ ትልቁን ውድድር ካስፈለገ ለሰኞ ያቆየዋል። ሜዳውም አልከሰረም፤ ፖል ኒውማንን የመሰለ የፊልም ሰው ሲነዳበት የኖረ፣ እስከ ዛሬ የሚወደድ ቦታ ነው። እሑድ ቅዳሴ ላይ ለቆመ ሰው የዚያን ትርጉም መንገር አያስፈልገኝም።

እዚህ ላይ ግን ለነጂዎቹ መቆም አለብኝ። እኛ ወላጆች «መኪና ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ምን ይባላል?» እያልን ልጆቻችንን የምንቆጣ ነን፤ እኔም እናቱን ይዤ ስቆጣው ነበር። ግን በኦክላንድና በሳን ሆዜ መስቀለኛ መንገዶች ላይ እኩለ ሌሊት የሚሆነውን የማያውቅ አለ? መንገዱን ዘግተው መኪና እያሽከረከሩ ጎማ ያጨሳሉ፤ ሳይድሾ ይሉታል። ጥይት የሚተኮስበት ጊዜ አለ፤ ዳር ቆሞ በስልኩ ሲቀርጽ የነበረ ልጅ ይገጫል። ሳን ሆዜ ተመልካቹን ጭምር የሚቀጣ ደንብ እስከ ማውጣት ደርሳለች። የፍጥነት ፍቅር ያለበትን ወጣት በምክር ብቻ አታድነውም። የሚነዳበት ቦታ ካጣ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለውን መንገድ ያገኛል። ሜዳው ላይ ያየሁት የእህቴ ልጅ ባንዲራ ያከብራል፤ ሲያልፉት በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ ከወረደ በኋላ አንድ ሽማግሌ አሠልጣኝ «ፍሬኑን ቀድመህ ለቀቅከው» ሲለው አቀርቅሮ ያዳምጣል። ቤት ውስጥ እንዲህ ሲያዳምጥ አይቼው አላውቅም።

ስለዚህ ገደቡን እንደ ጠላት የሚያየው ነጂ ራሱን ይጎዳል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ነው። ማርሚታውን ቆርጦ ጥሎ «ድምፁ ነው ውበቱ» የሚለው አንድ ሰው የሚያመጣው የቅሬታ ስልክ፣ ነገ የመቶውን ሰው ቀን ያስቀንሳል። ማርሚታውን በደንብ ያሠራው ደግሞ በፍጥነት ብዙ አልቀነሰም፤ የሚቀንሰው ኪሱ ነው።

አገር ቤትስ? በኢትዮጵያ የአካባቢ ጥበቃ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ድምፅ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ቁጥሩ ጥሩ ቁጥር ነው። ቦሌ ላይ አንድ ቅዳሜ ማታ መስኮቱን ከፍቶ ለመተኛት የሞከረ ሰው ግን 45ቱን የት ያገኘዋል? እዚያ ቁጥሩ አለ፣ መለኪያ ይዞ የሚቆም ሰው ግን አይታይም። እዚህ ደግሞ መለኪያው አለ፣ ሰዉ መለኪያውን ማለፍ ተምሯል። የቱ እንደሚሻል ብጠየቅ ያለማመንታት የእዚህን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ የሚከራከሩበት ቁጥር በእጃቸው አለና።

ላጉና ሴካ ላይ ከቁጥሩ ሌላ ማድረግ የሚቻለው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። አንደኛ ነገር፣ ሁለተኛ መለኪያ ይተከል፤ ሜዳው ውስጥ ሳይሆን ጎረቤቶቹ በሚኖሩበት በኩል፤ ነጂው ቦታውን አውቆ እግሩን የማያነሣበት። የሚለካውም የአንድ መኪና ሳይሆን የቀኑ ድምር ይሁን። ከዚያ ደግሞ ቅጣቱ በነጂው ላይ ብቻ አይውደቅ። ሜዳውን ተከራይቶ ቀኑን ለነጂዎች የሚሸጠው አዘጋጅ ነው፤ 40 መኪና ሲመዘግብ ማርሚታቸውን ጠዋት በር ላይ ፈትሾ ማስገባት የሚችለውም እሱ ነው። የቀኑ ድምር ከልክ ካለፈ የሚቀጥለው የኪራይ ቀኑ ይቀነስ፤ ያኔ ጎሚቶ ሻጩ ሳይሆን መካኒኩ ይፈለጋል።

የወሩ ፕሮግራም ደግሞ፣ የትኛው ቀን ስንት ዴሲቤል እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚያበቃ ተጽፎ፣ በየቤቱ የፖስታ ሣጥን ይግባ። ድረ ገጽ ላይ አለ ማለት አይበቃም፤ በሰማንያ ዓመታቸው ድረ ገጽ የሚያስሱ ስንቶች ናቸው? ያቺ የአገራችን ልጅ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ትለጥፈዋለች፤ እማማ «እስከ ስንት ሰዓት ነው?» ሲሏት «እስከ አሥራ አንድ» ትላቸዋለች። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ የምር መቆም አለበት።